የአግዳሚው ወንበር የመጨረሻ ጣውላ

ሽማግሌው አናጢ በገዛ ጓሮው፣ አዲስ በሠራው የደጅ ጠረጴዛና በሁለቱ አግዳሚ ወንበሮች መካከል፣ ሰጋቱራ ላይ በግንባሩ ተደፍቶ ሞቶ ተገኘ። ሐኪሙ «ማጅራቱን በረጅምና ጠፍጣፋ ነገር ተመትቷል» አለ። ፖሊሶች ግቢውን አገላበጡ። መዶሻው ንጹሕ፣ መጥረቢያው ንጹሕ፣ አካፋው አቧራ የለበሰ። መምቻው ቢጠፋባቸው የበኩር ልጁን አሰሩ። ጠዋት ከአባቱ ጋር ሲጣላ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል፤ ሰፈር የሰማው ነገር ደግሞ ግማሽ ፍርድ ነው።

መርማሪዋ ስትደርስ ልጁ በካቴና ታስሮ ቆሟል። እሷ ከአንደኛው ወንበር ጫፍ ተቀምጣ መዳፏን ከጣውላ ወደ ጣውላ አሳለፈች። የመጨረሻው ላይ ቆም አለች።

«ምን አጣላችሁ?» አለችው።

«የጠረጴዛው እግር። አጠረ አልኩት፤ አንተ ነህ ያጠርከው አለኝ። እኔም እንደሱ አናጢ ነኝ። ወደ ሥራ ቦታዬ ሄድኩ፤ ብቻዬን ነበርኩ። በቃ ይስቀሉኝ።»

እህቱ ከበሩ ላይ ሆና «ገዳዩን ያጫውቱታል እንዴ?» አለች።

«እህቴ ከልጅነቷ ምስክር ናት» አለ ልጁ። «ያላየችውን አጥርታ ታያለች።»

መርማሪዋ ወደ እሷ ዞረች። «እርስዎ ምን ሰሙ?»

«ራሴን አሞኝ እዚያ መስኮት ሥር ተኝቼ ነበር። የአባባ ድሪል ሲጮህ ቆየና ዝም አለ። ከዚያ ኮሽታም አልሰማሁ። ምሳ ልጥራው ብዬ ስወጣ…»

የሟቹ ታናሽ ወንድም ሳይጠየቅ ተናገረ። «ወንድሜን አልወደውም ነበር። ደብቄውም አላውቅ። ይህን ጠረጴዛ ለቤተሰቡ ሲሠራ የየሰዉን መቀመጫ በሜትር ለካ፤ እኔን እንደ በሬ ሰፋህ አለኝ። ቢሆንም በአንድ መጋዝ ስንሠራ አርጅተናል።»

የሟቹ ሴት ልጅ ባል፣ ጫማ ሻጩ፣ ለመርማሪዋ ውኃ አቀረበላት። ብርጭቆውን በጣቶቹ ጫፍ ነበር የያዘው።

«እኔ መዶሻ በየት በኩል እንደሚያዝም አላውቅ» አላት። «ጠዋት ወጥቼ፣ የተመለስኩት ኡኡታ ሰምቼ ነው።»

«አማትዎን ይወዷቸው ነበር?»

«እንደ አባቴ።»

«አባትዎንስ?»

ሳቀ። ያጀበው ሰው አልነበረም።

መርማሪዋ ውኃውን ጠጥታ ሁሉንም ወንበሩ ዙሪያ ሰበሰበቻቸው። ጎን ለጎን መቆም የፈለገ አልነበረም፤ ሁሉም በየማዕዘኑ ቆመ።

«ሦስቱ ጣውላዎች እንደ ሐር ናቸው» አለች። «አራተኛው እንደ ድመት ምላስ ሻክሯል። በብርጭቆ ወረቀት የለሰለሰ እንጨት ውኃ ሲነካው ጸጉሩ ይቆማል። ይህን ጣውላ ሰው አጥቦታል፤ ፀሐይ አድርቆታል። ምን ቢነካው ታጠበ? መምቻው ይኸው ነው፤ ገዳዩ አጥቦ ወንበሩ ላይ ገጥሞ ደበቀው። ፖሊሶች ሲፈልጉት ውለው ሲደክማቸው ተቀምጠውበታል።»

ከፖሊሶቹ አንዱ ቀስ ብሎ ከወንበሩ ተነሣ።

«ገዳዩ አናጢ ቢሆን አያጥበውም ነበር፤ አንዴ መላጊያ ቢያሳልፍበት ደሙ ከፍቅፋቂው ጋር ይሄዳል። ደግሞም ይህ የደጅ ወንበር ነው። በጣውላዎቹ መካከል የዝናብ ውኃ የሚወርድበት ክፍተት አለ። ይኼኛው ግን ከጎኑ ካለው ጋር ተጣብቋል። ስለዚህ ልጁም ወንድሙም አይደሉም።»

«እኔ ነኛ?» አለች ልጅቱ፣ ድምፅዋ ቀዝቅዞ።

«አይደሉም። የሌሎቹ ብሎኖች ራስ ንጹሕ ነው፤ በድሪል ገብተዋል። የዚህኛው ግን ተበላልቷል፤ በካቻቢቴ፣ በእጅ ተጠምዝዞ ነው የገባው። ድሪሉ እዚያው ተሰክቶ ሳለ ሰው ለምን በእጁ ይለፋል? መስኮቱ ሥር የተኛችው እንዳትሰማ ነው። እርስዎ ደግሞ ከራስዎ ጆሮ አይደበቁም።» ወደ ጫማ ሻጩ ዞረች። «ለሥራው እንግዳ የሆነ ሰው ጠንካራ እንጨት ላይ ብሎን ሲያጠብቅ መዳፉ ውኃ ይቋጥራል። እስቲ መዳፍዎን።»

«ሥራው አይሆንልኝም ብዬዎታለሁ እኮ።»

«እሱንማ ወንበሩ መስክሮልዎታል።»

ጫማ ሻጩ መዳፉን ጨብጦ ቆመ። የሟቹ ወንድም የእጁን አንጓ ይዞ ጣቶቹን አንድ በአንድ ፈታቸው። መዳፉ መሃል ውኃ ቋጥሮ የፈረጠ ቀይ ቁስል ነበር። ፖሊሱ ጣውላውን ሲነቅለው፣ በተቆረጠው ጫፍ እንጨቱ የጠጣው ደም ሳይለቅ ጠቁሮ ታየ።

ጫማ ሻጩ የተናገረው ለሚስቱ ነው። «ለሞተችው እናትሽ እንኳ ቦታ ትቶላታል። የእኔስ አልኩት። ‹ልጄ ልትፈታህ ነው፤ ለእንግዳ አልለካም› ብሎ ጀርባውን ሰጠኝ። ጣውላው እጄ ሥር ነበር።»

ልጅቱ ቀና አላለችም። ነገሩን የነገረችው ለአባቷ ብቻ ነበር።

ፖሊሱ ሌላ ካቴና ስላልያዘ የበኩር ልጁን ፈትቶ በዚያው ጫማ ሻጩን አሰረ። ግቢው ጭር ሲል እህትየው ወንድሟ ፊት ቆመች።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ…»

አንጓውን እያሻሸ አያት።

«መጀመሪያ አባታችንን እንቅበር» አላት። «ከዚያ በደንብ እንጣላለን።»