የአባዬ ናሙና

ሀዊ አሮጌውን የዘይት ፊልትሮ በጨርቅ ብትጠርገው፣ ብትጠርገው፣ እጇ ጠቆረ እንጂ የምትፈልገውን አላገኘችም።

«እየጠረግሽው ነው ወይስ እያጠመቅሽው?» አለ ዳግም ከመኪናው ስር። ከወገቡ በታች ብቻ ነበር የሚታየው።

«የአባዬ ጽሑፍ የለበትም።»

«የምን ጽሑፍ?»

«ሁልጊዜ የሚጽፍበት ነዋ! በነጩ እስክሪብቶ።»

ዳግም የእናቷ ታናሽ ወንድም ነው። አጎት ቢሆንም አጎት ብሎ የሚጠራው የለም፤ ለሁሉም ዳጊ ነው። የማያውቀው ነገር የለም፤ ቢያንስ እሱ እንደሚለው። «ይሄኛውን እኔ ነኝ የቀየርኩት» አለ። «አባትሽ ከሄደ በኋላ። እንዴት ብሎ ይጽፍበታል? በቴሌግራም?»

ነገሩ እውነት ነው፤ የሀዊ ልብ ግን አንድ ፊደል እንኳ አገኛለሁ ብሎ ነበር። አባቷ ረጋሳ አዲስ ፊልትሮ ከመታሰሩ በፊት ቀኑን ይጽፍበትና ከጎኑ «ሀ» የሚል ፊደል ያኖራል። «ማን እንዳሰረው ይታወቅ» ይላል። የሚያስረው እሱ አይደለም፤ ሀዊ ናት። በዚህች አሮጌ ላዳ ላይ የፊልትሮው ቦታ ጠባብ ስለሆነ የረጋሳ ወፍራም እጅ ይቀረቀራል። የእሷ ትንሽ እጅ ግን ሰተት ብሎ ይገባል። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ይህ የእሷ ሥራ ነው፤ ማንም ነክቶባት አያውቅም። አባቷ ሄዶ ዳግም እስኪነካው ድረስ ማለት ነው።

ረጋሳ ካዛንቺስ ውስጥ የውሃ ፓምፕ መጠገኛ ነበረው። ሰፈሩ ሲፈርስ ቤታቸውም ሱቁም አብረው ሄዱ። ቤተሰቡ ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም ገባ፤ እሱ ደግሞ ዝዋይ አካባቢ አንድ የአትክልት እርሻ ውስጥ የፓምፕ ሠራተኛ ሆኖ ተቀጠረ። እርሻው ከዋናው መንገድ ገባ ያለ ነው። በወር አንድ እሁድ ብቻ ያርፋል፤ በአንድ ቀን ደግሞ አዲስ አበባ ደርሶ መመለስ አይሆንለትም። የነገው እሁድ የእሱ እሁድ ነው። ታናሽ ወንድሟ ኢያቄም እግሩ ተሰብሮ በጀሶ ስለታሰረ በአውቶቡስ ተጋፍቶ መሄድ አይችልም። ስለዚህ ነገ ጠዋት ዳግም ላዳዋን ነድቶ ሁሉንም ሊወስዳቸው ነው። ረጋሳ በስልክ አንድ ነገር ብቻ አስጠንቅቋል፦ ዘይትና ፊልትሮ ሳትቀይሩ እንዳትነሱ።

«ናሙናውን ይዘሽ ሂጂና ቁርጥ ይሄንን የሚመስል ገዝተሽ ነይ» አለ ዳግም። «እኔ ዘይቱን ላንጠፍጥፍ። በቃ፣ ቀላል ነው።»

«ይሄንን ከየት ነበር የገዛኸው?»

«አባትሽ ከሚገዛበት። ከተከስተ ጋ፣ ካዛንቺስ።» ፈጠን ብሎ ነበር የተናገረው።

ሀዊ ፊልትሮውን በፌስታል ጠቅልላ ወጣች። ሜክሲኮ ላይ ታክሲ ስትቀይር ከጎኗ የተቀመጡ ነጭ ቀሚስ የለበሱ ሴትዮ ፌስታሉን አይተው ወደ መስኮቱ ተጠጉ። «ምንድነው የሚያንጠባጥበው ልጄ?» አሏት። «የመኪና ዕቃ ነው እማማ፤ አይነካዎትም» አለች። እሳቸው ግን እስኪወርዱ ድረስ ቀሚሳቸውን ሰብስበው እንደያዙ ነበር።

ካዛንቺስ ስትወርድ ለአፍታ የት እንዳለች ጠፋት። መንገዱ ሰፍቷል፣ ዛፍ ተተክሏል፣ አግዳሚ ወንበር ተደርድሯል። ያምራል። እሷ ግን የምትፈልገው የሚያምር ነገር አልነበረም፤ የእነሱን የዛገ የቆርቆሮ በር ነበር። የፓምፕ መጠገኛው እዚህ ጋ ይሆን? ወይስ እዚያ፣ መብራቱ ከቆመበት? ቅዳሜ ቅዳሜ ከአባቷ ጋር ሳምቡሳ እየበሉ የተቀመጡበትን ደፍ ብታገኘው ትቀመጥበት ነበር። ሰፈር ሲፈርስ ሰው አብሮ እንደሚርቅ ማንም አስቀድሞ አልነገራትም።

ከመንገዱ ማዶ የሞባይል ካርድ የሚሸጡ አዛውንት አገኘች።

«ይቅርታ አባባ፣ የተከስተን የመለዋወጫ ሱቅ ያውቁታል?»

«ተከስተ? እሱማ ሰፈሩ ሲፈርስ አብሮ ተነሳ እኮ። የት እንደገባ እንጃ።»

ሀዊ አሰበች። ሱቁ የተነሳው አባቷ ከመሄዱ በፊት ነው። ዳግም ዘይት የቀየረው አባቷ ከሄደ በኋላ ነው። ታዲያ ከተከስተ ጋ እንዴት ገዛ? ዋሽቷል ማለት ነው። ተናደደች፤ ወዲያው ግን ንዴቱን ዋጥ አደረገችው። ከየትም ይግዛው፣ መኪናዋ ስትሄድ ከርማ የለ? ዛሬ ከዳጊ ጋር የመጣላት ጊዜ የላትም።

እየጠየቀች ወደ ቂርቆስ ወረደች፤ እዚያ አንድ ክፍት ሱቅ አገኘች። ሻጯ ከእሷ ብዙም የማትበልጥ፣ ፀጉሯን ሹሩባ የተሠራች ልጅ ነበረች።

«ናሙና ይዘሻል?» አለቻት። አዲስ አበባ ውስጥ መለዋወጫ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው ይህንኑ ነው። የመኪናህ ሞተር ምንድነው የሚል የለም፤ አሮጌውን አምጣ ይባላል፣ አዲሱ ከጎኑ ይቆማል፣ ከተመሳሰሉ ግዢው አለቀ።

ሀዊ ፌስታሉን ፈታች። ልጅቷ ከመደርደሪያው አንድ ካርቶን አወረደችና ሁለቱን ጎን ለጎን አቆመቻቸው። ቁመታቸው እኩል፣ ውፍረታቸው እኩል፣ አፋቸው እኩል።

«ለምን መኪና ነው?»

«ለላዳ።»

«ለላዳ?» ልጅቷ ቅንድቧን አነሳች። «ይሄን የሚወስዱት ለሌላ መኪና ነው። ግን ያው ናሙናሽ ራሱ ይሄው ነው፤ ገብቷል ማለት ነው።»

«የላዳው የራሱ የለሽም?»

«አልቋል። ላዳ እኮ አሁን የሚፈልገው የለም። ሰኞ ከመርካቶ ላስመጣልሽ እችላለሁ።»

ሰኞ። ሀዊ ፊልትሮውን አነሳችና አባቷ እንዳስተማራት መረመረችው። በእጇ መዘነችው፤ ከበድ ይላል፤ ርካሽ የሆነው እንደ ባዶ ጣሳ ይቀላል። የአፉን የጎማ ቀለበት በጣቷ ዳሰሰችው፤ አልደረቀም፣ አልተሰነጠቀም። ቀዳዳዎቹን አየች፤ ንጹሕ ናቸው። ጥሩ ፊልትሮ ነው። ጥሩ መሆኑና ለላዳ መሆኑ ግን ሁለት የተለያየ ጥያቄ እንደሆነ ታውቃለች። አወቀች፣ ከፈለች፣ ወጣች።

ሰንጋ ተራ ስትደርስ ፀሐይ ማዘቅዘቅ ጀምራለች። ዳግም ከመኪናው ስር ገብቶ የዘይት ማንጠፍጠፊያውን ቡሎን እያጠበቀ ነበር።

«አመሸሽ እኮ፣ የት ቆየሽ?» አለ። «በይ እሰሪው። የእኔ እጅ አይገባም፤ ባለፈው ቆዳዬ ተልጦ ነው የወጣው።»

ሀዊ የጎማ ቀለበቱን ዘይት ቀባችና በተከፈተው ኮፈን በኩል እጇን ሰደደች። ፊልትሮው አፉን አገኘ፤ መዞር ጀመረ። ያኔ እጇ አንድ ነገር ነገራት። ድሮ ፊልትሮ ጥርሱን ሲይዝ ቀጥ ብሎ ነበር የሚሄደው። ይህ ግን ወዲያ ወዲህ ይላል። ገፋ ስታደርገው ይጨፍራል። እስከ መጨረሻው አዞረችው፤ ጎማው ሲነካ ያዝ አደረገ። ያዝ አደረገ እንጂ አልጠበቀም። አባቷ ክንዷን ይዞ «ትክክለኛው ሲጠብቅ ዝም ይላል፤ አይከራከርሽም» ያላት ትዝ አላት።

ከመኪናው ስር ዳግም ያነጠፈው ካርቶን ታየ። ዛሬ የተነጠፈ አይደለም፤ ከርሟል። በላዩ ላይ ብዙ ጥቁር የዘይት ነጠብጣብ አለ። ዳግም ሁልጊዜ «የዕድሜ ነው፣ አርጅታለች» ይላል። አባቷ እያለ ካርቶን ተነጥፎ አያውቅም።

«ጠበቀ?» አለ ዳግም።

ከእሷ እጅ በቀር የሚያውቅ የለም።

«ጠበቀ» አለች።

እጇን ልትታጠብ ወደ ቤት ወጣች። እናቷ ሀብትነሽ የረጋሳን ሸሚዝ ስትተኩስ ነበር፤ እያንጎራጎረች። እናቷን ስታንጎራጉር ከሰማች ቆይታለች። ጠረጴዛው ላይ ሽሮው፣ በርበሬው፣ የድፎ ዳቦው ተቋጥሯል። ኢያቄም ጀሶ ባልታሰረው እግሩ ላይ ጫማውን አጥልቆ፣ ክሩን ጥብቅ አድርጎ አስሮ፣ በር ላይ ወንበር ስቦ ተቀምጧል።

«ነገ ነው እኮ» አለችው ሀዊ።

«አውቃለሁ። እንዳላስረፍዳችሁ ነው።»

እናቷ ሳቀች። «ነገ በዚህ ሰዓት ተመልሰን መንገድ ላይ እንሆናለን። አይ፣ እሱን ባላስብ ይሻላል። ነገ ረፋድ ላይ ከአባትሽ ጋር ነን፤ እሱን ነው ማሰብ።»

ሀዊ እጇን በሳሙና አሸች። ጥቁሩ ለቀቀ፤ ያ ጭፈራ ግን መዳፏ ውስጥ ቀረ። አስፋልቱን አሰበችው፤ ፍጥነቱን፣ ፊልትሮው ቢወልቅ የሚፈሰውን ሞቃት ዘይት፣ ከኋላ ወንበር ላይ እግሩን ዘርግቶ የሚቀመጠውን ኢያቄምን። ደግሞ አባቷን አሰበች። ልሂድ፣ ልየው፣ ሌላው ይቅርብኝ የሚል ነገር ከውስጧ እንደ ሕፃን ልጅ ይጮኻል። ባለፈውም ምንም አልሆነም። ግን እኮ በባለፈው ፊልትሮ ከሜክሲኮ ርቃ ያልሄደች መኪና ናት።

እጇን ሳታደርቅ ደረጃውን ወረደች። ዳግም የዘይቱን ጀሪካን ከፍቶ ሊቀዳ አዘንብሏል።

«ዳጊ፣ ቆይ። አትቅዳ።»

«ምነው?»

«አልጠበቀም። ዋሽቼህ ነው።»

ዳግም ጀሪካኑን መለሰ። ሀዊ እጇን ሰድዳ ፊልትሮውን አላላችና «በጣትህ ጫፍ ንካው» አለች። እንደምንም ሁለት ጣቱን አሾልኮ ነካው፤ ፊልትሮው ጨፈረ።

«ባለፈውም እንዲህ ነበር አይደል?» አለች። «ከተከስተ ጋ አልገዛኸውም። ሱቁ ከፈረሰ ቆይቷል።»

«ማለቴ...» ጭንቅላቱን አከከ፤ ግንባሩ በዘይት ተቀባ። «መንገድ ላይ ነው የገዛሁት። ሲገባልኝ ጊዜ በቃ ልክ ነው አልኩ። ለጋሽ ረጋሳ እሱን ማለት ሼም ሆነብኝ።» ከዚያ ድምፁን ለስለስ አደረገ። «ስሚ፣ በቁልፍ አጥብቄ ባስረውስ? ናፍቆሻል እኮ። እኔ አላውቅም እንዴ?»

«ናፍቆኛል» አለች ሀዊ። ይህን ቃል ጮክ ብላ ስትናገር የመጀመሪያዋ ነበር፤ ዓይኗ ሞላ። «በጣም ነው የናፈቀኝ። በዚህች ግን አንሄድም።»

ዳግም ሦስት ጓደኞቹ ጋ ደወለ፤ መኪና ሊያውሰው የቻለም፣ የላዳ ፊልትሮ ያለውም የለም። ሱቁ ሁሉ ተዘግቷል። ሀዊ ስልኩን ተቀበለችውና ራሷ አባቷ ጋ ደወለች።

«ሀዊዬ!» ከድምፁ ጀርባ ፓምፕ ያጓራል። «ክፍሉን ጠርጌ ጨረስኩ። ለኢያቄም ሐብሐብ ገዛሁለት፤ ከራሱ የሚበልጥ ነው!»

«አባዬ... ነገ አንመጣም።»

ከፓምፑ ራቅ ሲል ተሰማት።

«ምን ሆናችሁ?»

«ፊልትሮው ይጨፍራል።»

«ማን አሰረው?»

«እኔ።»

«በእጅሽ አይተሽዋል?»

«በእጄ።»

ረጋሳ ረዥም ትንፋሽ አወጣ። «እሺ» አለ። ጉሮሮውን ጠረገና «የኋላውን ክፈቺና ከክሪኩ ስር እይ» አላት።

የመኪናዋን የኋላ ክዳን ከፈተች። ክሪኩን አነሳች፤ ከስሩ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አለ። ፈታችው። የድሮ ፊልትሮ ነው፤ ተጠርጎ፣ ደርቆ፣ አፉ በጨርቅ ተወትፎ። በጎኑ ላይ በነጭ ቀለም፣ በዚያ ዘመም በሚል የአባቷ የእጅ ጽሑፍ፣ ካዛንቺስ ሳሉ የታሰረበት ቀን ተጽፏል። ከጎኑ «ሀ»። ከስሩ ደግሞ «ለናሙና። እንዳይጣል።»

ሀዊ በአውራ ጣቷ ፊደሏን ዳበሰቻት።

«አገኘሽው?»

«አገኘሁት።»

«ለዳግም ሳልነግረው ነው የሄድኩት። ጥፋቱ የእኔም ነው፤ እንዳትቆጪው።» ፓምፑ አጓራ። «ሐብሐቡ ግን እስከሚቀጥለው ወር አይቆይልኝም።»

«ብላው በቃ» አለች፤ እየሳቀች እንባዋ ወረደ።

ዳግም አዲሱን ፊልትሮ ወደ ካርቶኑ መልሶ ኮፈኑን ዘጋ። «ለእናትሽ እኔ ልንገራት» አለ።

«አይ፣ እኔ እነግራታለሁ። አንተ ግን አብረኸኝ ቁም።»

የአባቷን ፊልትሮ በጋዜጣው መልሳ ጠቅልላ፣ ሰኞ ከትምህርት ቤት መልስ ቂርቆስ ይዛው ልትሄድ ደረቷ ላይ አቅፋ ደረጃውን ወጣች። እናቷ አሁንም ታንጎራጉራለች። ኢያቄም በር ላይ ነበር።

«ላዳዋ ተዘጋጀች?» አላት።

ሀዊ ፊልትሮውን መሬት አስቀመጠችና ከፊቱ ተንበረከከች። መጀመሪያ የጫማውን ክር ፈታችለት።