የላዝሃር ቁስል

የላዝሃርን ሬሳ ያገኙት የራሱ የወይራ መጭመቂያ ሠራተኞች ናቸው። ጠዋት በሩን ሲከፍቱ በሩ አጠገብ ካለው ትልቅ የወፍጮ ድንጋይ ሥር ተንጋሎ ወድቆ ነበር። መርማሪዋ ዳኛ ደለንዳ ከስፋክስ ከተማ ስትደርስ የፖሊስ አዛዡ በሺር ሥራውን ጨርሶ ጠበቃት።

«ገዳዩ ተይዟል፣ ክብርት ዳኛ። ኸሚስ ይባላል። ላዝሃር ከሥራ ሲያባርረው ‹እገድልሃለሁ› ብሎ ሲዝትበት መንደሩ ሁሉ ሰምቷል። አስቦበትና ተዘጋጅቶ ነው የገደለው፤ የሚጠብቀውም የስቅላት ገመድ ነው።»

ደለንዳ ወደ ሬሳው ቀረበች። ተንበርክካ የሟቹን ራስ ቀና አደረገች። ማጅራቱ ላይ ያለው ቁስል ቢጫ ነገር ተለጥፎበታል። አሸተተችው።

«አብሽ ነው፤ በዘይት የተለወሰ።»

«ታዲያ?»

«ሊገድል የመጣ ሰው ቁስል ያክማል እንዴ?»

ከመጭመቂያው ጀርባ ባለው ቤት የሟቹ እናት ማብሩካ ተቀምጠዋል። ሴት ልጃቸው ዘንድ አድረው ገና መድረሳቸው ነው። ታናሹ ልጃቸው ኑሪ አጠገባቸው አቀርቅሯል።

«አላህ ያጽናዎት፣ እማማ» አለች ደለንዳ። «እዚህ አገር ቁስል ላይ አብሽ ይደረጋል?»

«ኧረ ማንም አያደርግም! የእናቴ መድኃኒት ነው። ልጆቼ ከዛፍ በወደቁ ቁጥር በዘይት እየለወስኩ እቀባቸዋለሁ። ጎረቤቶቼማ ‹ልጆችሽን ልትጠብሻቸው ነው?› እያሉ ይስቁብኝ ነበር።» ፈገግ ሊሉ ዳዳቸው፤ ወዲያው ፊታቸው ተለወጠ። «ምነው ጠየቅሽኝ፣ ልጄ?»

ደለንዳ እሳቸውን ማየት ከበዳት።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም እዚያው ቤት ሰበሰበች። ኸሚስም እጁ በካቴና ታስሮ ቀረበ።

«ላዝሃር የገዛ ማጅራቱን ሊያክም አይችልም» አለች። «ኸሚስ መድኃኒቱን አያውቀውም፤ ቢያውቀውም ጠላቱን ለማዳን አይደክምም። እማማ ማብሩካ እዚህ አልነበሩም። አብሹ የት እንደሚቀመጥ የሚያውቅ፣ ላዝሃርም እንዲተርፍ የፈለገ አንድ ሰው ብቻ ይቀራል።»

«እኔ ነኝ» አለ ኑሪ። «ወደ ጣሊያን የሚሻገር ጀልባ ይጠብቀኝ ነበር። ላዝሃር የመጭመቂያው በር ላይ ቆሞ ‹ባሕር ሲበላህ ዝም ብዬ አላይም› አለኝ። በንዴት ወደ ጎን ገፈተርኩት። ወላሂ፣ እንዲያሳልፈኝ ብቻ ነው! ማጅራቱ ከድንጋዩ ጋር ተጋጨ። ቁስሉን ስቀባለት ይተነፍስ ነበር። ይነቃል ብዬ አጠገቡ ቁጭ አልኩ። አልነቃም።»

«እኔ ልሰቀል ስል ዝም ትላለህ?» ብሎ ጮኸ ኸሚስ።

«ፈራሁ።»

«ያው ገድሎታል» አለ በሺር ቀስ ብሎ።

«ገድሎታል» አለች ደለንዳ። «ግን ሊገድለው አልፈለገም፤ ስለዚህ ገመዱ አይገባውም። ድንገተኛ አደጋም አይደለም፤ እጁን የሰነዘረው ፈልጎ ነው። እንዲህ የተሰነዘረ እጅ ያልታሰበ ሞት ሲያስከትል ሕጉ ለብቻው ያየዋል። እስራቱ ግን ረጅም ነው።»

«እኔ ነኝ አሳልፌ የሰጠሁት?» አሉ ማብሩካ።

«አይደለም፣ እማማ። አብሹ ሊያድነው እንደሞከረ መሰከረለት፤ ከገመድ ያወጡት እርስዎ ነዎት።»

ፖሊሶቹ ኑሪን ባዶ እግሩን ሲያስነሱት ማብሩካ ወደ ጓዳ ገቡ፤ ጫማውን ይዘው ወጥተው እግሩ ሥር አኖሩለት።

«አድርገው፤ ውጭው ይበርዳል» አሉት። ፊቱን ግን አላዩትም።