አንድ ጣሳ ሾርባ

ይኼ ታሪክ ከራሱ እስከ እግሩ እውነት ነው። ውሸት ከሆነ ምላሴ እንደ ገዳሪፍ መሬት በበጋ ይሰንጠቅ። ስለ ጅቡና ስለ ላንድሮቨሩ ያወራኋችሁን እርሱት፤ እሱ ጨዋታ ነበር። ይኼኛው ግን የዲያቆን ጋረደውና የሣህሊቱ ነው።

በሰባ ሰባቱ ረሃብ ጋረደው ከወገራ ተነስቶ ድንበሩን እንደተሻገረ ወደቀ። ንዳድ ይዞት ነበር። ዓይኑን ሲገልጥ ከገዳሪፍ ወጣ ብሎ ባለው የስደተኛ ሰፈር፣ ራኩባ የሚሉት የሣር ዳስ ሥር ተጋድሟል። አንዲት ልጅ በነጠላዋ ጫፍ ከፊቱ ላይ ዝንብ ታባርራለች።

«ነቃህ?» አለችው። «ሞቷል ብለን ቦታህን ለሌላ ሰው ሰጥተነው ነበር።»

«ለማን?»

«ላንድ ታማሚ። እሱም ቀድሞህ ዳነና ሄደ።»

ጋረደው ሊስቅ ሞከረ፤ ሳል ሆነበት። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ልቡ አንድ ቦታ አልቀመጥ አለ። እሷ ካለች፣ ሳይጠማው የውሃው ቦቴ ዘንድ ይሰለፋል። እንጨት ልትለቅም ስትወጣ እሱንም መንገድ ያምረዋል።

«ካላገባሁሽ እነዚህ እግሮቼ አያርፉም» አላት አንድ ቀን።

«ታዲያ እንዲያርፉ አግባኛ» አለች፣ መሬት መሬት እያየች።

ለሰፈሩ ቄስ ለመምሬ አባይ ሊነግር ሲሄድ ግን ፊታቸው ጠቆረ።

«ልጄ፣ ይችን ልጅ ተዋት። የእስላም ሥጋ በልታለች። ከባለሱቋ ከሐጃ ራሒማ ቤት የሥጋ ሾርባ ይዛ ስትወጣ ጎረቤቷ እናኑ አይታታለች።»

በኛ አገር ደንብ፣ እስላም ያረደውን የበላ ክርስቲያን ሃይማኖቱን እንደለወጠ ይቆጠራል። ለመመለስ የቄደር ጸሎት ተደግሞ በውሃው መጠመቅ አለበት። የቄደሩ መጽሐፍ ደግሞ አገር ቤት ቀርቷል። እስኪገኝ ድረስ ሣህሊቱ ከሰው ጋር አትጸልይ፣ አትዳር ተባለ።

ጋረደው እየሮጠ ሄደ።

«ሣህሊቱ፣ አልበላሁም በይኝ።»

የለቀመችውን እንጨት ማሰር ቀጠለች።

«በይኝና እኔ እምልልሻለሁ።»

«ሾርባውን ከሐጃ ራሒማ ቤት አምጥቻለሁ» አለች። «ከዚህ በላይ አትጠይቀኝ።»

«ለምን?»

«አትጠይቀኝ አልኩህ እኮ...»

ያን ሰሞን ጋረደው እንቅልፍ አጣ። ይቀመጣል፣ ይነሳል፣ ዳሱን ይዞራል። ርቧት ብትበላስ? ይላል። መለስ ብሎ ደግሞ፣ ታዲያ ከኔ ምን ያስደብቃታል? ይላል። በመጨረሻ ለእርሻ ሥራ ሰው የሚጭን ሎሪ ላይ ወጣ። ሩቅ ሊሄድ፣ ሊረሳት።

ሎሪው ሰው እስኪሞላ የቆመው ሐጃ ራሒማ ሱቅ በር ላይ ነበር። ሐጃ ራሒማ የጎንደር እስላም ናቸው፤ ገዳሪፍ ከከተሙ ቆይተዋል። ቀና ብለው አዩት።

«አጂብ! አንተ ያ በሾርባዬ የዳንከው ልጅ አይደለህም?»

«የምን ሾርባ፣ እናቴ?»

«አልነገረችህም? አንተ ራስህን ስተህ ያቺ ቀጭን ልጅ እየለመነች መጣች። የግመል ነው፣ ያለኝ እሱ ነው አልኳት። በጣሳ ወሰደች። ‹አንቺም ቅመሽ፣ ልትወድቂ ነው› ብላት ማተቧን አሳየችኝ። ‹ለሱስ?› አልኳት። ‹እሱ አያውቅም፤ ኃጢአቱ የኔ ይሁን› አለችኝ። ወላሂ፣ አስለቀሰችኝ።»

ሎሪው ሞተሩን አስነሳ። ጋረደው ከላይ ዘለለ። እግሩን ወለም አለው፤ እያነከሰ ሮጠ።

እሁድ ጠዋት ሰው ሁሉ ሸራ ሥር ለጸሎት ተሰብስቧል። ሣህሊቱ ውጭ፣ ፀሐይ ላይ፣ ለብቻዋ ቆማለች። ጋረደው መሃል ገባ።

«ሾርባውን የጠጣሁት እኔ ነኝ። ነፍሴን ሳላውቅ በአፌ ጨምራልኝ ነው የዳንኩት። እሷ ጠብታ አልቀመሰችም።»

«ዋሽታህ ነው!» ብላ እናኑ ብድግ አለች። «ያን የመሰለ ቅባት፣ ያን የመሰለ ቅመም ተሸክማ ሳትቀምስ? ማን ያምናታል?»

መምሬ አባይ ቀስ ብለው ዞሩ።

«ቅመም እንዳለው በምን አወቅሽ፣ እናኑ?»

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ሽማግሌው በምርኩዙ ተደግፎ፣ እናት ልጇን አዝላ፣ ሸራው እስኪርገበገብ ሳቁ። እናኑ ባለችበት ቁጭ አለች።

«ጣሳው ሥር ትንሽ ተርፎ ነበር» አለች። «ልጄን የቀበርኩ ሰሞን ነው... ጣቴን ሰደድኩ። ከዚያ ወዲህ ሰው ያወቀብኝ እየመሰለኝ፣ እሷን ቀድሜ...»

አልጨረሰችውም። ሣህሊቱ ከፀሐዩ ገብታ አጠገቧ ተቀመጠች። ነጠላዋን ጣለችባት።

«አውቅ ነበር፣ እትዬ እናኑ። ጣሳው ተልሶ ሳገኘው ገብቶኛል።»

«አውቀሽ ዝም አልሽ?» አሏት መምሬ አባይ።

«ምን ልበል፣ አባቴ? ርቧቸው ነበር።»

መምሬ አባይ መስቀላቸውን አገላበጡ። ከዚያ ከቦቴው ውሃ አስቀዱ።

«መጽሐፉ የለኝም» አሉ። «በቃሌ የማውቀውን እደግማለሁ፤ የጎደለውን እሱ ይሙላው። መጀመሪያ ግን እኔ ላይ አፍስሱ። ስፈርድ የከረምኩት እኔ ነኝ።»

ከፋሲካ በኋላ ጋረደውና ሣህሊቱ ተጋቡ። ሐጃ ራሒማ ለሙሽሪት የሱዳን ሴቶች የሚጎናጸፉትን ነጭ ቶብ አለበሷት፤ እናኑም በእናቷ ቦታ ተቀመጠች።

«ኃጢአቱን ለምን ብቻሽን ወሰድሽው?» አላት ጋረደው፣ እጇን ይዞ።

«አንተ ታመህ ነበራ» አለች። «መሸከም የምችል እኔ ነበርኩ።»

እንግዲህ አንዷን ነገር የጨመርኳት እኔ ነኝ፤ ሳቁን። ያን ዕለት ማንም አልሳቀም። መምሬ አባይ እናኑን «በምን አወቅሽ?» ሲሏት፣ ሸራው ሥር የነበረው ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ የገዛ ጣቶቹን ያይ ነበር።