ከኋላ የምትቀበለዋ ልጅ

እዚያ ቤት ቅዳሜ ከሰዓት ሳቅ አይጠፋም ነበር። አባት ሾፌር ነው፣ እናት ልብስ ሰፊ። ልጃቸው ፀጉር ቤት ትሠራለች፤ ወንድሟ ጋራዥ ነው የሚውለው፣ ድምፁ ስለማያምር "ቧንቧ" ይሉታል። ቅዳሜ ቅዳሜ የድሮ ካሴት የሞላበትን ካርቶን ያወጡና እያንዳንዱ በየተራ የሚወደውን ዘፈን ያሰማል፤ የት እንደሰማው፣ ለምን እንደወደደው ያወራል። ዘፋኙን ያላወቀ እቃ ያጥባል።

እናት ብቻ ተራዋ ሲደርስ፣ "እኔን እለፉኝ፣ እቃውን አጥባለሁ" ብላ ትነሳለች። ይሄ ነገር ልጅቷን ይከነክናታል። ሌላው ሲያሰማ የእናቷ ከንፈር ድምፅ ሳያወጣ ግጥሙን አንድ በአንድ ይከተላል እኮ! ታዲያ ዘፈን ሁሉ የምታውቅ ሴት የምትወደው እንዴት ታጣለች?

የአባት ምርጫ ደግሞ ሁሌም ያው የአንዲት ዘፋኝ ካሴት ነው፤ መኪናው ውስጥም የምትዘፍነው እሷው ናት። የሚገርመው ግን የሚወደው ዘፋኟን አይደለም፣ ከኋላ ሆነው ከሚቀበሏት ሴቶች አንዷን ነው።

"ዝም በሉ… አሁን ትመጣለች" ይላል ጣቱን አንስቶ። "ሰማችኋት? ይቺን ልጅ ከፊት ቢያቆሟት ማን ይችላት ነበር።"

"አባዬ፣ ስሟ ካሴቱ ላይ የለም?" ትለዋለች ልጅቷ።

"የተቀባይ ስም ማን ይጽፋል።"

"ቀስ በል፣ ሚስትህ እየሰማችህ ነው" ይላል ቧንቧ። እናት ትስቅና ሳህኗን ታነሳለች።

ከዚያ የእናት ድምፅ መሻከር ጀመረ። ጉንፋን ነው ተባለ። ጉንፋን ይሄን ያህል ይከርማል እንዴ? ሐኪሙ ዕጢ አገኘ። እንድትተርፍ ማንቁርቷ መውጣት አለበት፤ ከዚያ በኋላ ድምፅ የሚባል ነገር የለም…

ሆስፒታል ከመግባቷ በፊት በነበረው ቅዳሜ ልጅቷ የእናቷን ቀሚስ ያዘች። "እማዬ፣ ዛሬ አልለቅሽም። የምትወጂውን ሳልሰማ አትሄጂም።"

"አባትሽ የሚወደውን" አለች እናት።

"ይሄማ ማምለጫ ነው" አለ ቧንቧ።

እናት ባሏን አየችው። ከዚያ ያለ ካሴት፣ ያለ ምንም ጀመረች። የዘፋኟን አይደለም፣ ከኋላ ያለውን ብቻ። ድምፅዋ ሻክሯል፤ ግን ወደ ላይ ሲወጣ ያ አወጣጥ፣ ያ መለስ ማለት… የአባት ጣት ሳያውቀው ተነስቶ አየር ላይ ቀረ። እንዴት እስከዛሬ አላወቃትም? ከተጋቡ ወዲህ እንጉርጉሮ እንኳ አሰምታው አታውቅማ።

"አንቺ ነሽ?"

"እኔ ነኝ።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ስንተዋወቅ ዘፋኝ አላገባም አላልክም? ልብስ ሰፊ ነኝ አልኩህ። ውሸትም አይደለም፣ የባንዱን ልብስ የምሰፋው እኔ ነበርኩ።"

"እሺ፣ ከተጋባን በኋላስ? ይሄን ሁሉ ዘመን?"

"በየቅዳሜው ስታደንቀኝ እሰማ ነበር" አለች፤ ድምፅዋ ተቆራረጠ። "እኔ መሆኔን ካወቅህ ማድነቁን ትተዋለህ ብዬ ፈራሁ።"

አባት እንደ ሕፃን አለቀሰ። ቧንቧ ሳህኖቹን ሰብስቦ ሊያጥብ ተነሳ።

ቀዶ ሕክምናው ተሳካ ተባለ። አባት አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ፣ "ያን ጊዜ እንዲያ በማለቴ ይቅር አልሽኝ?" አላት። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ረዘም ያለ ነገር ነበር ያለችው፣ "አዎ" ብቻ አልነበረም። "እስቲ ድገሚልኝ" አላት። ደገመችለት። አሁንም አልገባውም። ለሦስተኛ ጊዜ ለመጠየቅ አፍሮ ራሱን ነቀነቀ፤ እሷም የገባው መስሏት ፈገግ አለች።

ዕድል ግን ምን ዓይነት ነገር ነው? ሰውዬው ዕድሜውን ሙሉ የናፈቃትን ሴት አጠገቡ አስተኝቶለት፣ ገና ሲያውቃት ድምፅዋን ወሰደበት።

አሁን ከንፈሯን ማንበብ እየተማረ ነው። ቀስ ብላ ትነግረዋለች፣ ይሳሳታል፣ እንደገና ትነግረዋለች። ያን ቀን ሆስፒታል ምን እንዳለችው ግን እስካሁን አልጠየቃትም።