በባዶው ክፍል የሚከፈት ዚፕ

ጂን፣ ዛር፣ የሙት መንፈስ ሲሉኝ "ወሬኛ ሁላ!" ብዬ ተነስቼ የምሄድ ሴት ነኝ፣ ካርቱም ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ስኖር ያስፈራኝ ነገር ቢኖር ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የሚጠይቅ ፖሊስና የቤት አከራይ ብቻ ነው፣ አሁን የምነግራችሁን ሌላ ሰው ቢያወራኝ ኖሮ ፊቱ ላይ ነበር የምስቅበት። ግን ወላሂ የደረሰብኝን ነው የማወራችሁ። ሳወራው ራሱ ደሜ ይፈላል።

የምኖረው ጀሪፍ ሰፈር ነው፣ ከእናቴ ጋር። እህቴ ሰናይት በሊቢያ አድርጌ አውሮፓ እገባለሁ ብላ ከወጣች ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ድምጿ የለም። እሷ ከሄደች ወዲህ እማዬ፣ በዚያ መንገድ የሚያልፍ ሐበሻ ሁሉ "አደራ እማማ" እያለ ሻንጣውን ሲተውላት እምቢ ማለት አልቻለችም። ባለቤቱ አይመለስም፣ ሻንጣው ይቀራል። በኋላማ ሻንጣ ብቻ መሰላችሁ? የውሃ ፕላስቲክ፣ የተበጠሰ ጫማ፣ አሮጌ ጋዜጣ፣ ሁሉንም "የሰው ነው፣ እንዳትነኪ!" ነው። ዕቃው አልጋዋ ድረስ ሞላ፣ ሁለቴ ተደናቅፋ ወደቀች፣ በሁለተኛው እጇ ተሰበረ።

ሶባ ያለች አንዲት የአእምሮ ሐኪም፣ እግዜር ይስጣት፣ "ይሄ ስንፍና አይደለም፣ በሽታ ነው፣ በእርጅና ይብሳል" አለችኝ። ሕክምናው ትዕግስት ነበር፣ በቀን አምስት ዕቃ፣ እማዬ ራሷ በእጇ ይዛ "ይቆይ" ወይም "ይሂድ" ትበል፣ በቃ። "ከጀርባዋ አንዲት ላስቲክ እንዳትጥሉ፣ ከጣላችሁ ዳግመኛ አታምናችሁም" ብላ አስጠነቀቀችኝ። ሰናይት ትታው የሄደችው ሰማያዊ ሻንጣ የመጨረሻው ይሁን ተባባልን። ሦስት ወር ሠራን፣ ሌሎቹን ሻንጣዎች የባለቤቶቻቸውን ዘመዶች በስልክ እያፈላለግን እየመለስን፣ እመኑኝ፣ ወለሉ መታየት ጀምሮ ነበር!

ያ ታላቅ ወንድሜ ግን! ሳሃፋ ሰፈር ሱቅ ያለው፣ እናቱን በዓመት ሁለቴ የሚጠይቅ ጌታ! "የምን አምስት አምስት ነው፣ ኸላስ፣ በቃ፣ በአንድ ቀን ይለቅ" ብሎ፣ እማዬ ቤተክርስቲያን በሄደችበት እሑድ ሁሉንም በአህያ ጋሪ አስጭኖ ወስዶ አስጣለው። ሰማያዊውንም ጭምር። እማዬ ስትመለስ በሩ ላይ ቆማ አየች፣ አላለቀሰችም፣ ገብታ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች።

በሦስተኛው ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ካህራባው፣ መብራቱ፣ ጠፍቶ ማራገቢያው ቆሟል፣ ሰፈሩ በሙቀት ጭጭ ብሏል። ከእማዬ ክፍል ዝርርር... ዚፕ ሲከፈት ሰማሁ። ጎረቤት ይሆናል አልኩ። ደገመው። ከዚያ የእማዬ ድምፅ መጣ፣ "ይሄስ የኔ ልጅ፣ ይቆይ ይሂድ?" መልስ እንደሰማች ሁሉ "እሺ፣ ይሂድ" አለች።

ንድድ ብሎኝ ገባሁ። ባዶ ወለል ላይ ተቀምጣ አየር እያነሳች ታስቀምጣለች። "እማዬ፣ ምንም የለም እኮ! ባዶ ነው!" ብዬ ጮህኩባት። ቀና ብላ "እስቲ ያዢልኝ፣ ከብዶኛል" አለችና እጄ ላይ አኖረችው። ከፈለጋችሁ ሳቁ፣ ክንዴ ቁልቁል ወረደ! ማንጠልጠያው መዳፌን ቆረጠኝ፣ በዓይኔ ግን የማየው ነገር የለም። ከኋላዬ፣ ልክ ጆሮዬ ሥር፣ "የኔስ የታለ? ማን አስወሰደው?" የሚል የሴት ድምፅ ሰማሁ። የሰናይት ነው ብዬ አልምልም፣ ዘጠኝ ዓመት ብዙ ነው።

ዞር ስል ማንም የለም፣ ክብደቱም ጠፋ። መዳፌ ላይ የቀረው ቀይ መስመር ግን እስከ ማታ አልለቀቀኝም።

ወንድሜ አሁን "አየሽ፣ ዳነችልሽ፣ አንድ ላስቲክ እንኳ አታነሳም!" እያለ ይኩራራል፣ አፈር ይብላ! ሐኪሟ "ይሄ መዳን አይደለም፣ እንደገና እንጀምር" ትለኛለች፣ በምን እንጀምር? እማዬ ከእጄ ውሃ እንኳ አትቀበልም። በየቀኑ ቀትር ሲሆን ያ ዚፕ ይከፈታል፣ እማዬም ወደ እኔ ዞራ "ትጠይቅሻለች እኮ፣ መልሺላት እንጂ!" ትለኛለች። ምን ብዬ ልመልስላት? ያን እሑድ ጋሪው ሲመጣ፣ ሰልችቶኝ፣ እኔም ይለቅልኝ ብዬ፣ የግቢውን በር የከፈትኩለት እኔው ነኝ።