ለራይስ ላያሺ የተመረጠው መነጽር

ዙሄይርን ያወቅሁት በውሸት ነው። ውሸቱም የእኔ ነበር።

አባቴ ላያሺ ሠላሳ ዓመት ከታንጀር ወደብ የዓሣ ጀልባ እየመራ ኖሯል፤ የጀልባ አለቃ ስለነበረም ሰው ሁሉ «ራይስ» ይለዋል። ጡረታ ከወጣ በኋላ እጆቹ መንቀጥቀጥ ጀመሩ፤ መጀመሪያ የሻይ ብርጭቆ ላይ፣ ቀጥሎ የበር ቁልፍ ላይ፣ በኋላም የያዘው ነገር ሁሉ ላይ። ሰው ፊት ሲሆን የጀላባ ቀሚሱ ኪስ ውስጥ ይከታቸዋል። እኔም ሰው ፊት ሲሆን ዓይኔን ከእጆቹ አሸሽ ነበር። ይህን መናገር ዛሬም ይከብደኛል።

በመጋቢት ሽመላዎች ባሕሩን ተሻግረው ወደ ስፔን ሲያልፉ፣ አባቴ እሑድ እሑድ ስፓርቴል ኮረብታ ላይ ከሚቆጥሯቸው ሰዎች ጋር መቀመጥ ጀመረ። ዓይኑ ደህና ነው። የሌለው የሩቅ ማያ መነጽር ነበርና ልገዛለት ወሰንኩ።

መነጽር ሱቅ ስገባ አንድ ቀጭን ወጣት ሻጭ የሚያውቀውን ወፍራም ሰውዬ ያስመርጣል።

«ለሪፍ ተራራ ካልከኝማ ይቺን ትንሿን ውሰድ፣ ኪስህ ትገባለች። ያንን ትልቁን አንጠልጥለህ ዳገት ብትወጣ አንገትህን ፈልገህ አታገኘውም።»

«ባለቤቴስ? እሷ የዓይን መነጽር ታደርጋለች።»

«ለእሷ ከዓይን ራቅ ሲልም ምስሉ የማይቆረጠውን ነው የምንመርጠው። ይዘሃት ና እንጂ፤ ዓይን በወሬ አይለካም።»

ሰውዬው እየሳቀ ወጣ። ወጣቱ ወደ እኔ ዞረ።

«አንቺስ እመቤቴ? የሚያይበት ማን ነው? ምን ሊያይበት?»

«አባቴ። ወፍ ሊያይበት።»

«እጃቸው ይጸናል?»

ፊቴ እሳት ሆነ። ወጣቱ የጠየቀኝ የሥራውን ነው፤ እኔ ግን የቤታችንን ገበና የገለጠ መሰለኝ።

«አባቴ ራይስ ነው!» አልኩት። «እጁ እንደ ድንጋይ ነው።»

ትኩር ብሎ አየኝ። ቡናማ፣ ረጋ ያሉ ዓይኖች ነበሩት። ከእነሱ ለማምለጥ ስል መደርደሪያው ላይ ወዳለው ትልቁ መነጽር ጠቆምኩ።

«አሥራ ሁለት እጥፍ የሚያቀርበውን ስጠኝ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ለራይስ ትንሽ ነገር አይሰጥም።»

ትንሽ አመነታና ጠቀለለልኝ። ስሙን ጠየቅሁት፤ ዙሄይር አለኝ። ከበሩ ላይ ደግሞ፣ ድፍረቱን ከየት እንዳመጣሁት እንጃ፣ «እሑድ ስፓርቴል ነን፤ መጥተህ እየው» አልኩት።

መጣ። አባቴ እጆቹን ከኪሱ አውጥቶ መነጽሩን አነሣ። ከባድ ነበር። ጠርዙ ቅንድቡን ሲመታው ይሰማኛል።

«ራይስ፣ ከግራ የሚመጡት ስንት ናቸው?» አለ ከቆጣሪዎቹ አንዱ።

«ሃያ... አይ፣ ሠላሳ።»

«ስልሳ ይሆናሉ እኮ! የሚጨፍሩት ወፎቹ ናቸው ወይስ መነጽሩ?»

ሳቁ። አባቴም አብሮ ሳቀ፤ ከዚያ መነጽሩን ጉልበቱ ላይ አኑሮ «ጥሩ ያሳያል፣ ልጄ» አለኝ። ወደ ዙሄይር ዞርኩ። ፊቱ ደም ለብሷል። ሳይሰናበተን ቁልቁል ወረደ።

የአባቴን እጆች አይቶ የናቀን መሰለኝ። ሦስት ሳምንት በሱቁ በኩል አላለፍኩም። መነጽሩ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ፤ አባቴም «ዓይኔን ላሳርፈው ብዬ ነው» ይላል። ይባስ ብሎ ዙሄይር ይናፍቀኝ ነበር። የናቀንን ሰው መናፈቄ ሌላ እፍረት ሆነብኝ።

አንድ ቀን ከሰዓት በር ተንኳኳ። ዙሄይር ካርቶን ታቅፎ ቆሟል።

«ልትስቅብን ነው የመጣኸው?»

«ልክስ ነው የመጣሁት።»

«ጊዝላን፣ አስገቢው እንጂ!» አለ አባቴ ከውስጥ። «እንግዳ ደጅ ላይ አይቆምም።»

ጫማውን አውልቆ ገባ። ሻይ ሳቀርብለት አልነካውም።

«ራይስ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ አቀርቅሮ። «መነጽር ወፉን ባጎላ ቁጥር የእጅንም እንቅስቃሴ ያጎላል። ስለ እጅዎ መጠየቅ ነበረብኝ፤ አልጠየቅኩም።»

ትሪውን እንደያዝኩ ቀረሁ። ዝም ብል ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር።

«ጠይቆኛል፣ አባዬ» አልኩ። «እንደ ድንጋይ ነው አልኩት። አፍሬብህ ነው።»

አባቴ ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው መነጽር ዞረ።

«መነጽሩን ያመጣሽው ዕለት አውቄያለሁ። ባሕር ላይ ሰባት እጥፍ ነበር የምይዘው፤ ጀልባ ይናወጣልና ከዚያ በላይ አይያዝም። ዛሬ ጀልባው እኔ ሆኛለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«ደስ ብሎሽ ነበራ። መነጽሩን አምጥተሽ ስለ ሻጩ ስታወሪልኝ አመሸሽ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ዙሄይር ጆሮው ድረስ ቀላ። አባቴ ግን እጆቹን ከኪሱ አውጥቶ በእንግዳ ፊት ጠረጴዛው ላይ አኖራቸው። ማንኪያው ከብርጭቆው ጋር ተንቀጫቀጨ። ማናችንም ዓይናችንን አላሸሸንም።

ዙሄይር ካርቶኑን ከፈተ። ሰባት እጥፍ የሚያቀርብ ነበር፤ ከሥሩም ማስደገፊያ ዘንግ ገጥሞለታል። መስኮቱ ጋ ወስዶ ለአባቴ ቁመት አስተካከለለት። አባቴ አጎንብሶ ወደ ወደቡ ሲያይ ቆየና፣ «ያ የበሺር ጀልባ ነው» አለ። «ቀለሙን አሳድሷል፣ ሌባ!»

ዙሄይርን በር ድረስ ሸኘሁት።

«አባቴን ለምን ዋሸኸው?»

«አንቺን ከማሳፍር ብዬ። ደግሞስ ሱቅ ውስጥ ፊትሽ ሲቀላ ነገሩ ገብቶኝ ነበር። ደጋግሜ ብጠይቅሽ ተቆጥተሽ የምትሄጂ መሰለኝ። እንድትሄጂብኝ አልፈለግሁም።»



«ዙሄይር!» አለ አባቴ ከመስኮቱ። «እናትህ በሕይወት አሉ?»

«አሉ፣ ራይስ።»

«አርብ ይዘሃቸው ና። ኩስኩስ አለ። በደጃፌ መንሾካሾክ አልወድም።»

ዙሄይር ደንግጦ ደረጃውን በካልሲው ወረደ። ሦስት ደረጃ ከሄደ በኋላ ነው የነቃው። ተመልሶ ሲቀመጥ ሳቄ አመለጠኝ፤ እሱም ሳቀ። አንደኛውን ጫማ ራሱ አደረገ፣ ሁለተኛውን እኔ አቀበልኩት። በዚያው ዓመት፣ ሽመላዎቹ ከስፔን ሲመለሱ ተጋባን።