ሰም የተቀባው ሳሎን

ብዙወርቅ በገና ዋዜማ ከሰዓት በኋላ፣ በገዛ እጇ ሰም ቀብታ ባበራችው የሳሎን ወለል ላይ ሞታ ተገኘች። ከጎኗ የእንጨት መሰላል ወድቋል። ቀኝ እጇ ጨርቅ ጨብጧል። ከራሷ ሥር የፈሰሰው ደም ከወለሉ ቅላት ጋር ተመሳስሎ ስለነበር፣ ከበሩ ላይ ቆሞ ለሚያያት ሰው ደክሟት ጋደም ያለች ነበር የምትመስለው።

ጊዜው 2006 ዓ.ም. ነው። በኬንያዋ ሞያሌ ግጭት ተነስቶ ሱቆች የተዘጉበት፣ ወደ ማርሳቢት የሚወስደው መንገድ የተቋረጠበት ሰሞን ነበር። ባሏ ፈቃደ ሆቴሉን ዘግቶ፣ ከሆቴሉ ጀርባ ያለውን የመኖሪያ ግቢ በሁለት ጓጉንቸር ቆልፎ፣ ቁልፎቹን በክር አንገቱ ላይ አንጠልጥሏል። የግቢው አጥር ረጅም ነው፤ ጫፉ ላይ የጠርሙስ ስባሪ ተተክሎበታል። መስኮቶቹም ሁሉ ብረት አላቸው።

ለምርመራ የተላከችው ኢንስፔክተር ካልቶማ አብዱብ የዚያው የሞያሌ ሰፈር የቡቲዬ ልጅ ናት። አማርኛን የለመደችው በልጅነቷ፣ ጨርቅ ነጋዴ የነበረችውን እናቷን ተከትላ ድንበሩን ስትሻገር ነው። አለቃዋ ሲልካት፣ «ሴትዮዋ ከመሰላል ወድቃ ነው። አደጋ ብለሽ ጻፊና ቶሎ ተመለሺ፤ ከተማው እየነደደ ስለ አንድ መሰላል የምናጠፋው ጊዜ የለንም» ብሏት ነበር።

ፈቃደ በሩን እስኪከፍት ጥቂት አስጠበቃቸው። ካልቶማና ረዳቷ ኮንስታብል ጅሎ እንደገቡም ወዲያው መልሶ ቆለፈው።

«ፖሊስ ገብቶም ይቆለፋል?» አለችው።

«ጊዜው ክፉ ነው፣ አፋንዴ» አላት፣ በኬንያዎቹ የፖሊስ መጠሪያ። «እጄም ለምዶታል።»

ግቢው ውስጥ የቤቱ ዕቃ ግማሹ ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል። ምንጣፎች አጥሩ ላይ ተጥለዋል፤ መጋረጃዎች ገመድ ላይ ይወዛወዛሉ፤ ሰማያዊ አበባ ያለው ሰፊ ፍራሽ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ቧንቧው አጠገብ የታጠቡ ብርጭቆዎች ትሪ ላይ ተደፍተዋል። በረንዳው ላይ አንድ ጎልማሳ ተቀምጧል። የፊቱ ግራ ጎን ተላጭቷል፤ ቀኙ ላይ የሳሙናው አረፋ ደርቆ እንደ ኖራ ተሰነጣጥቋል። ከፊቱ ባለው ምሰሶ ላይ መስታወት ተሰቅሏል።

ካልቶማ ጫማዋን አውልቃ ወደ ሳሎን ገባች። በመጀመሪያ ወደ ሬሳው አልሄደችም። መሰላሉን ጅሎ አቁሞ ያዘላት፤ ወጣችና ከኮርኒሱ የተንጠለጠለውን የመብራት ሽፋን በጣቷ አሸችው። ብርጭቆው ጮኸ፤ ጣቷ ላይ ምንም አልቀረም። ወረደችና በሟቿ እጅ ያለውን ጨርቅ ጎንበስ ብላ አየችው። በቀይ ሰም ወዝቷል። ከዚያ ወደ ትልቁ ቡፌ ሄዳ፣ እንደ ምግብ አፍንጫዋን አስጠግታ ከጫፍ እስከ ጫፍ አሸተተችው።

«ምን ይሸታል?» አለ ጅሎ።

«ሎሚና ዘይት» አለች። አንደኛው ማዕዘን ላይ ስትደርስ ግን ቆመች፤ ደግማም አሸተተች። ከዚያ ወዲያ ምንም ሳትናገር ወደ በረንዳው ወጣች።

መጀመሪያ ፈቃደን ጠየቀችው።

«ይህ ሲሆን የት ነበሩ?»

«መኝታ ቤት። ከምሳ በኋላ ጋደም እንዳልኩ እንቅልፍ ጣለኝ። የማህሌት ጩኸት ነው የቀሰቀሰኝ። ስሮጥ ብደርስ…» አፉን በመዳፉ ያዘ።

«ነፍስ ይማር። እንግዳ ትጠብቁ ነበር?»

«ለነገ ሽማግሌዎች ይመጣሉ። ማህሌት የባለቤቴ የእህት ልጅ ናት። በረንዳው ላይ ላለው ለአቶ ዮፍታሄ ልንድራት ነው። ብዙወርቅ ደግሞ እንግዳ ይመጣል ከተባለ አትቀመጥም። መሰላል አትውጪ ስላት ሰምታኝ አታውቅም።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ልጅቱ ግን ሰሞኑን ከአክስቷ ጋር ተኮራርፈው ነበር። እኔ ምንም አላልኩም፤ ነገሩን ለእግዜር ሰጥቼዋለሁ።»

ባለ ግማሽ ጺሙ ዮፍታሄ ከያቤሎ ቦሎቄ እያመጣ የሚሸጥ ነጋዴ ነው። ድንበሩ እስኪከፈት በእንግዳ ክፍሉ አርፏል።

«እየተላጨሁ ነበር» አለ። «ማህሌት ስትጮህ ምላጬን ጥዬ ሮጥኩ። እስከ በሩ ድረስ ነው የሄድኩት። ወለሉ ሰም ነበር፤ ጫማ አድርጌያለሁ፤ ብዙወርቅ ትቆጣለች ብዬ ቆምኩ። ሞታ እያየኋት ትቆጣለች ብዬ!»

«ልጅቱ ትወድዎታለች?»

ዮፍታሄ ደረቁን አረፋ ነካ ነካ አደረገ። «ፈቃደ ‹ጠይቄያታለሁ፣ ደስ ብሏታል› አለኝ።»

«እርስዎስ ጠይቀዋታል?»

ፊቱን ወደ ተሰቀለው መስታወት መለሰ።

ማህሌትን ማድ ቤቱ ውስጥ፣ ጥግ ላይ ተኮራምታ አገኘቻት። ልጅቱ የካልቶማን የፖሊስ ልብስ ስታይ ግድግዳውን ተለጠፈች።

«ሊወስዱኝ ነው?»

«ወዴት ነው የምወስድሽ?»

«ወረቀት የለኝም። ጋሼ ፈቃደ ከበሩ ከወጣሽ ፖሊስ ይወስድሻል፤ የት እንደደረስሽም አይታወቅም ይሉኛል። ከመጣሁ ጀምሮ ወጥቼ አላውቅም። ይሄ ሁለተኛ ገናዬ ነው።»

ካልቶማ አጠገቧ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። «ከአክስትሽ ጋር ተጣልታችሁ ነበር?»

«ጋሼ ሊድሩኝ ሲነሱ ዝም ስላለች አኮረፍኳት። ዛሬ ጠዋት ግን መጋረጃ ስናወርድ ጆሮዬ ሥር መጥታ፣ ‹ሽማግሌ ፊት አላቆምሽም። ለእናትሽ ምን ብዬ እነግራታለሁ?› አለችኝ።» እንባዋ ወረደ። «ብርጭቆ አጥቤ ይዤላት ስገባ ነው ያገኘኋት። ይቅርታ እንኳን አላልኳትም።»

የቤት ሠራተኛዋ ዋሪቱ የቦረና ሴት ናት፤ ከካልቶማ ጋር በኦሮምኛ ተነጋገሩ።

«የሳሎኑን መብራት ማን አጠበው?»

«እኔ፣ ጠዋት። እሷ መሰላሉን ይዛልኝ ነበር፤ ስንጨርስ ወደ ጓዳ መለስነው። ወለሉን ሁለታችን ቀባነው። እኔን ብርጭቆ ከማህሌት ጋር እጠቢ ብላ ሰደደችኝና ማብራቱን ብቻዋን ቀጠለች። ሰም ሲደርቅ ማንም እንዲረግጥባት አትወድም።»

«ቧንቧው ጋ ሆናችሁ ዮፍታሄ ይታያችኋል?»

«እንዴት አይታየን! እየተላጨ ሲያፏጭ ነበር። ማህሌት ፉጨቱን ስትሰማ ብርጭቆ ልትሰብር ደርሳ ነበር። እስክትጮህ ድረስ ከዚያ አልተነሳም።»

«ግቢ የተሰጣው ዕቃስ መቼ ወጣ?»

«ሁሉም ከቁርስ በኋላ። ወደ ቤት የተመለሰ የለም።»

ካልቶማ ወደ ባልና ሚስቱ መኝታ ቤት ሄዳ በሩን ገፋ አድርጋ አየች። ከዚያ የእንግዳ ክፍሉን ሞከረች፤ ተቆልፏል፤ ቁልፉ ዮፍታሄ ኪስ ውስጥ ነው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሁሉም ሳሎን እንዲሰበሰቡ አዘዘች። የሟቿ ፊት በነጠላ ተሸፍኗል። ማህሌትና ዋሪቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው በሩ አጠገብ ቆሙ። ዮፍታሄ በመስኮቱ ብረት በኩል ወደ ውጭ ያያል። ፈቃደ ብቻ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«በአደጋ ነው ብለው ይጻፉልንና ሬሳዋን እንገንዝ» አለ። «ነገ በዓል ነው።»

«መጻፉ አይጠፋኝም፣ አቶ ፈቃደ። መጀመሪያ ግን ስለ ቤት ጽዳት እናውራ። እኔም ለኢድ ቤት አጸዳለሁ። ቤት የሚጸዳው ከላይ ወደ ታች ነው፤ የኮርኒሱ አቧራ የት እንደሚወርድ ማንም ባለ ቤት ያውቃል። ወለል የመጨረሻ ነው። ሰም ከቀቡ በኋላ ደግሞ መሰላል ጎትቶ ማስገባት አይታሰብም። ብዙወርቅ እዚያ መሰላል ላይ ምን ልትሠራ ወጣች?»

«ያልጠራ ነገር ታይቷት ይሆናል።»

«እኔም እንደዚያ ብዬ ወጥቼ አየሁት። መብራቱ ጠዋት ታጥቦ ጠርቷል። ይሁን፣ አንዲት ነጥብ ታየቻት እንበል። በምን ልትጠርጋት ነበር? እጇ ላይ ያለው የወለል ሰም ጨርቅ ነው። በዚህ ብርጭቆውን ብትነካው ቀይ ይሆን ነበር፤ ምንም ቀይ የለበትም። ይቺ ሴት ከመሰላል አልወደቀችም።»

ማህሌት የዋሪቱን እጅ አጥብቃ ያዘች።

«ቡፌውን አሸትቼዋለሁ» ስትል ካልቶማ ቀጠለች። «ዙሪያውን በሎሚና ዘይት ተወልውሏል። ያ ማዕዘን ብቻ የወለል ሰም ይሸታል። ብዙወርቅ እንጨት በወለል ሰም አትነካም። ጭንቅላቷ ያረፈው እዚያ ማዕዘን ላይ ነው። አንድ ሰው ደሙን አጠገቡ ባገኘው ጨርቅ ጠረገው፤ ያንኑ ጨርቅ እጇ ላይ አስጨበጣት፤ ከዚያ መሰላሉን አምጥቶ አጋደመው። ጨርቅ ሁሉ ለእሱ አንድ ነው፤ ከላይ ይጀመር ከታች ለእሱ አንድ ነው። ማህሌትና ዋሪቱ ዓይናቸው ቢታሰር እንኳን እንዲህ አይሳሳቱም። ይህን ያደረገው ሰው ቤት አጽድቶ አያውቅም።»

ዮፍታሄ ከመስኮቱ ዞረ።

«እኔም አጽድቼ አላውቅም» አለ።

«አውቃለሁ። እርስዎ ግን ከበረንዳው እንዳልተነሱ ሁለት ሴቶች አይተዋል፤ የሚመሰክርልዎት ግማሽ ጺምም አለዎት። የግቢው በር ተቆልፏል፤ ከውጭ የገባ የለም። አቶ ፈቃደ፣ የት ነበርኩ ብለውኝ ነበር?»

«መኝታ ቤት አልኩ እኮ! ተኝቼ ነበር!»

«በምን ላይ?»

«እንዴት በምን ላይ? በአልጋዬ ላይ ነዋ!»

«ፍራሽዎ ከቁርስ በኋላ ወጥቶ ግቢ ውስጥ ፀሐይ እየሞቀ ነው። አሁንም እዚያው ነው። ክፍሉን አየሁት፤ አልጋው ባዶ ጣውላ ነው። የእንግዳው ክፍል ቁልፍ ከአቶ ዮፍታሄ ጋር ነው። ባለቤትዎ ከማለዳ ጀምሮ በዙሪያዎ ስትደክም ውላለች፤ እርስዎ ግን አልጋዎ ላይ ፍራሽ መኖሩን እንኳን አላዩም።»

ፈቃደ ተነሳ። ጅሎ ወደ በሩ ጠጋ አለ። ፈቃደ መስኮቱን አየ፤ ብረቱን አየ፤ እሱው ራሱ ያስበየደው ብረት ነው። መልሶ ተቀመጠ።

«አልገደልኳትም» አለ። «ገፋኋት እንጂ። ሽማግሌ ጠርቼ፣ ቃሌን ሰጥቼ፣ ‹ልጅቱን ዛሬውኑ ወደ እናቷ እመልሳታለሁ፣ ቁልፉን ስጠኝ› አለችኝ። በገዛ ቤቴ! አንገቴ ላይ ያለውን ክር ያዘች። ገፋኋት። ሰሙ አንሸራተታት።»

«ከወደቀች በኋላ ትተነፍስ ነበር?»

ፈቃደ አንገቱ ላይ ያሉትን ቁልፎች ጨበጠ።

«አቶ ፈቃደ፣ መሰላል ፍለጋ ከመሄድዎ በፊት ሰው ቢጠሩ ኖሮ ትተርፍ ነበር?»

ፈቃደ ሁለት እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ወለሉን ያይ ነበር። ዋሪቱ በኦሮምኛ አንድ ቃል ተናገረችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ዮፍታሄ በእጁ መዳፍ ደረቁን ሳሙና ከፊቱ ላይ ፈገፈገ።

«አታለለኝ» አለ ለማህሌት፣ ሳያያት። «ደስ ብሏታል ነው ያለኝ።»

«አንድ ቀን እንኳን ድምፄን ሰምተው አያውቁም» አለችው ማህሌት።

ጅሎ ፈቃደን በካቴና አሰረው። ካልቶማ ቁልፎቹን ከአንገቱ ላይ አውልቃ የግቢውን በር ወለል አድርጋ ከፈተችው። ጩኸቱን ሰምተው ውጭ ተሰብስበው የነበሩ ጎረቤቶች፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ እያለቀሱ ገቡ። ሬሳው ወደ ሆስፒታል ሊሄድ በወሳንሳ ሲወጣ ማህሌት እስከ መኪናው ተከተለችው፤ በነጠላው ላይ እጇን አሳርፋ አንድ ነገር አንሾካሾከች።

ፈቃደ መኪናው ላይ ሊወጣ ሲል ዞር አለ። ድምፁ እንደ ሁልጊዜው ነበር።

«ማህሌት፣ እስክመለስ ቤቱን ጠብቂ። ዕቃው ውጭ እንዳያድር።»

ልጅቱ በልማድ ወደ ተሰጣው ዕቃ አንድ እግሯን አነሳች። ከዚያ ቆመች።

«አልጠብቅም» አለች።

ፈቃደ በደንብ ያልሰማ መስሎት ጠበቀ። እሷ ግን አልደገመችውም። ጅሎ አስገባውና በሩን ዘጋ።

«ስለ ወረቀትሽ ከበዓሉ በኋላ እኔ ዘንድ ነይ» አለቻት ካልቶማ። «ቀላል ነው ብዬ አልዋሽሽም። ግን መሥሪያ ቤቱ ብቻሽን አትገቢም።»

«ዛሬ የት አድራለሁ?»

ዋሪቱ ቀደም ብላ መለሰች፤ አማርኛዋ ስብርብር ቢልም ድምፁ የጠራ ነበር። «ቡቲዬ፣ እናቴ ቤት። ሰዓት እላፊ ሳይደርስ ሂድ፣ ነይ።»

ማህሌት ነጠላዋን ለሐዘን አዘቅዝቃ ለበሰችና መንገዱ ላይ ወጣች። የከተማውን አቀማመጥ አታውቀውም፤ ግራ ቀኝ አየች።

«በየት በኩል ነው?» አለች።

ዋሪቱ በአገጯ አመለከተቻት፤ ማህሌትም ቀድማ መራመድ ጀመረች።